አባባ አልወደድኩትም

ሶፋ አልባሹን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ሳንሱር ብሎ ነው። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱ ጸጉር አስተካካዩ ነው። ሲያወጣለት ለቀልድ ነበር፣ ግን ልክክ ብሎ ቀረ፤ ሰውዬው አንድም የአስማት ፊልም ሳይቆርጥ አሳልፎ አያውቅማ።

ፊልም የሚጠላ እንዳይመስላችሁ። የሚጠላ ሰው አርፎ ቤቱ ይቀመጣል። ሳንሱር ግን ዘንዶ የሚበርበት፣ ሰይፍ የሚናገርበት፣ ንጉሥ የሚረገምበት ፊልም መጣ ከተባለ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከልጁ ጋር ፊልም ቤቱ በር ላይ ነው። ከዚያ ይወጣና ሳምንቱን ሙሉ ሲሳደብ ይከርማል። ልጁ ትልቅ ሰው ናት፣ የራሷ ሥራና የራሷ ቤት አላት፤ ቅዳሜዋን ግን ለማንም አትሰጥም።

ሱቁ ውስጥ፣ በስፖንጅ ክምሩና በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል፣ ሁለት የተያያዙ አሮጌ የፊልም ቤት ወንበሮች አሉ። ፊልም ቤቱ ወንበሮቹን ሲያድስ ያለበሳቸው እሱ ስለነበር ሁለቱን ለምኖ አስቀረ። ደንበኛ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ፍርድ የሚሰማውም እዚያው። ሳንሱር ሲሠራ ጥቃቅን ምስማሮች አፉ ውስጥ ይይዛል፤ አንድ በአንድ በምላሱ ወደ ከንፈሩ እየገፋ ያወጣና በመዶሻ ይመታል። ምስማሩ አፉ ውስጥ እስካለ ድረስ ሰላም ነው። መዳፉን ዘርግቶ እንትፍ ካላቸው ግን አለቀ፣ የሆነ ዳይሬክተር ጉድ ሊፈላበት ነው።

የዘንድሮ ዘንዶ ለምን ይቀልዳል ይላል። ከተማ ሊያቃጥል የመጣ አውሬ መጀመሪያ ቀልድ ጣል አድርጎ ሰው እስኪስቅለት ይጠብቃል፤ ይሄ ዘንዶ ነው ወይስ መድረክ መሪ? ጦርነቱን ምን ቆርጧቸው በጨለማ ያደርጉታል? ማን ማንን እንደወጋ ሳናይ ወጥተን እንሄዳለን፣ መብራት ጠፍቶባቸው ነው? ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል የዋለው ወታደር ካባው ላይ አንዲት ጠብታ የለችም፣ ማን አጠበለት? ጠንቋዩስ አስማቱን ከመሥራቱ በፊት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን ተማሪ ነን እንዴ? ደግሞ ወገብህ እስኪቆረጥ አስቀምጠውህ መጨረሻ ላይ ገና መጀመሪያው ነው ይሉሃል፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። ሰው ይሄን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሳንሱር ሲሳቅለት የባሰ ይናደዳል፣ እሱ ሲናደድ ሰዉ የባሰ ይስቃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። የዘንድሮ ፊልም ውስጥ ሰው አይሞትም። ይሞታል፣ ሙዚቃው ያለቅሳል፣ አንተንም ሳግ ይተናነቅሃል፤ ትንሽ ቆይቶ በሆነ ብርሃን፣ በሆነ ውሃ፣ ብድግ ብሎ ይነሳል። ይሄን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል። ያኔ የሚስቅ የለም፤ ጸጉር አስተካካዩም ሥራ ትዝ አለኝ ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

ነገሩ ከምን እንደመጣ የምታውቀው ልጁ ብቻ ናት። ሚስቱ፣ የልጅቷ እናት፣ ስትሞት ሳንሱር አጠገቧ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ፊልም ቤት ድርሽ አላለም፤ ልጅቷ ናት አንድ ቅዳሜ ጎትታ የወሰደችው። በዚያ ፊልም መሀል አንዲት ንግሥት ትሞታለች። አሟሟቷ ጥሩ ነበር፣ ሳንሱር ራሱ ይመሰክራል፤ ማንም ንግግር አላደረገም፣ እጇ ብቻ ከአልጋው ዳር ተንጠለጠለ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ መጣና ሰማያዊ ጠጠር ደረቷ ላይ አስቀምጦ ስሟን ሲጠራ ንግሥቲቱ ዓይኗን ገለጠች። አዳራሹ አጨበጨበ። ሳንሱር ተነስቶ የሰው ጉልበት እየገፋ ወጣ። ልጅቷ ተከትላው ስትወርድ ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው።

«እኔ እናትሽን በስሟ ጠራኋት» አላት። «በቁልምጫ ጠራኋት። ኋላም ተናድጄ ጮህኩባት። ዓይኗን አልገለጠችም። ይቺ በጠጠር ትነሳለች?»

ደረጃው ላይ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያን ነገር እሱም አላነሳው፣ እሷም አላነሳችው።

ሁለተኛው ጠላቱ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ሌሊት ሌሊት የሚተላለፈውን የሳቅና የጨዋታ ፕሮግራም የሚያቀርበውን ሰውዬ ሳንሱር በስሙ አይጠራውም፣ ጥርሱ ነው የሚለው። ጥርሱ ሌሊት ሲስቅ ያመሽና ጠዋት በድጋሚ ይስቃል፤ ሳንሱር የሚያየው የጠዋቱን ነው፣ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ባለችው ትንሽ ቴሌቪዥን። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኩባያ ባዶ ነው ብሎ ይምላል፤ ሰውዬው ከኩባያው ሲጠጣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አይቶ አያውቅም። ታዳሚው ቀልዱ ሳያልቅ ነው የሚስቀው፣ ተከፍሎት ካልሆነ ምን ታይቶት ነው ይላል። የፊልም ተዋናይ ይጋበዛል፣ ስንሠራ እንደ ቤተሰብ ነበርን ይላል፤ ሁሉም ቤተሰብ ናቸው፣ ፊልሙ ለምን ቀሽም ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጠፋ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ጠልቶ ለምን ያየዋል ብትሉ፣ ልጁ የምትሠራው እዚያ ነው። ጽሑፍ ክፍል ነኝ ብላዋለች፤ እሱ ለእንግዶች የሚቀርበውን ጥያቄ የምትጽፍ መስሎታል። ስለዚህ ደህና ጥያቄ ሲመጣ ይቺማ የኔ ልጅ ናት ብሎ ይኮራል፣ ቀልዱ ሲመጣ ይሳደባል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ጥርሱ አዲስ ነገር አመጣ። ሰው ሠራሽ ሽበት አጥልቆ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አባባ አልወደድኩትም የሚባል ሽማግሌ ሆኖ ብቅ ይላል። ይሄ ዘንዶ ነው ወይስ መድረክ መሪ ይላል። ማን ነው ካባውን ያጠበለት ይላል። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ሳንሱርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ስለ ዘንዶው ልክ ነው አለ። ጥርሱ በስንት ጊዜው አንድ ቁም ነገር ተናገረ፣ የሚያስቀውን ግን አላወቅሁም አለ። በአሮጌዎቹ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጸጉር አስተካካዩ ሊነግረው አሰበና ምላሱን ዋጠ፤ እንዲህ ደስ ብሎት ካየው ቆይቶ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ያ ጠዋት መጣ። የንግሥቲቱ ፊልም ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል። አንዲት ነርስ የሚያለብስላትን ወንበር ልትወስድ መጥታ አንደኛው የፊልም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ ሌላው ላይ። ሳንሱር ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ የወንበሯን የመጨረሻ ጠርዝ ይመታል። ከኋላው አባባ አልወደድኩትም እንደ ልማዱ ጀመረ፣ ታዳሚውም እንደ ልማዱ ቀድሞት ሳቀ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ ቀስ አለ፣ ከንፈሩም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሚስቴን በስሟ ጠራኋት አለ። በቁልምጫ ጠራኋት አለ። ተናድጄም ጮህኩባት አለ።

ሳንሱር መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። ዞር ሲል ጥርሱ በሰው ሠራሹ ሽበቱ ዓይኑን እየጠራረገ ነው። ይቺ በጠጠር ትነሳለች አለና ከጠረጴዛው ሥር ሰማያዊ ጠጠር አውጥቶ የፕሮግራሙ ፒያኖ ተጫዋች ደረት ላይ ወረወረው፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ሞቶ ነበር መሰለኝ ዘሎ ተነሳ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ነርሷም ሳቀች። ምን ታድርግ፣ አታውቅም።

ጸጉር አስተካካዩ አልሳቀም። ሳንሱር ቴሌቪዥኑን ከነገመዱ ነቀለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ነርሷ ወንበሯን ተሸክማ በፍጥነት ወጣች።

«ማን ነው የሚጽፈው?» አለ ሳንሱር።

«ልጅህ ናት» አለው ጸጉር አስተካካዩ።

«ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር?»

«ካንተ በቀር።»

ለካ ጥርሱ ቁም ነገር ተናገረ እያለ ሲያደንቅ የከረመው ራሱን ነበር፤ ለካ እነዚያ ሁሉ ደንበኞች ሶፋ ሊያሠሩ ብቻ አልነበረም ቁጭ የሚሉት። ግን እሱን እንኳ ይዋጠው፣ ሲሳቅበት ኖሯል። የደረጃውን ነገር ግን ማን ሰጣት? ያን ሲናገር ግድግዳውን ይዞ ነው። ያን ለጸጉር አስተካካዩ አልተናገረም፣ ለሚስቱ እህት አልተናገረም፣ ለራሱም ደግሞ አልተናገረውም። አውጥታ ለጥርሱ ሰጠችው፣ ጥርሱ ደግሞ በጠጠር ተጫወተበት። በዚህ ዓለም የቀረችኝ እሷ ናት ይል ነበር፤ እሷም ትቅርብኝ አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ባዶ ሱቅ ውስጥ።

ጸጉር አስተካካዩ ሳይነግረው ደወለላት። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ሳንሱር አንድ ሰፊ ሶፋ ብቻውን ሊያለብስ ይታገላል። የዚህ ዓይነቱ ሶፋ ለብቻ አይቻልም፤ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ ካልሳበ ጨርቁ ይጨማደዳል። የወዲያኛው በኩል ሰው ድሮ እናቷ ነበረች፣ ከሞተች ወዲህ ልጅቷ ናት። ሳንሱር ሰላም አላላትም። ሂጂም አላላትም። በአገጩ ጨርቁን አሳያት፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከወዲያ በኩል ያዘች። ሳበ፣ ሳበች፣ መታ። የጀርባውን ጠርዝ እንዲህ ጨረሱት። ከዚያ መዳፉን ዘረጋና ምስማሮቹን እንትፍ አላቸው።

ያላትን ሁሉ ብጽፈው አያምርም። ሌባ አላት። ከመቃብር ሰርቀሽ ሸጥሽ አላት። በዚህ ሁሉ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው የምትሄደው አባቷ ናፍቋት ሳይሆን እህል ሊሸምት ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ንግግሩን ልትለቅም መሆኑን ዛሬ እንዳወቀ ነገራት። ልጅቷ ጨርቁን ሳትለቅ ሰማችው። ሲጨርስ እሷ ጀመረች። ቀልድ ብላ አልነበረም የጻፈችው። ሲጽፉ የሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ስታነብላቸው ሁሉም ጸጥ አሉ፣ ሁልጊዜ የሚያሾፍ አንድ ባልደረባቸው ተነስቶ ኮሪደር ወጣ። ታዳሚውም እንዲያ ጸጥ የሚል መሰላት። ጠጠሩን ያመጣው ጥርሱ ነው፣ የሚንቀጠቀጠውንም ከንፈር እሱ ነው የጨመረው፤ እሷ የጻፈችው ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲናገረው ነበር።

«ሰው ሁሉ ሲስቅብህ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለው እንዲሰሙህ ፈልጌ ነው» አለችው።

«ሰሙኝ?»

ሳንሱር ንዴቱ ገና አልበረደም፤ ነገር ያልቅብኛል ብሎ የፈራ ይመስል ሌላ አነሳ። ደግሞም ዋሸሽ አላት። ሰውዬው አለቀሰ፣ እኔ ደረጃው ላይ አላለቀስኩም አላት።

«አልቅሰሃል፣ አባዬ» አለች። «የሹራብህ እጅጌ እስኪርስ።»

አላለቀስኩም ብሎ ሊደግም ፈለገና ተወው። ሶፋው አሁንም በአንድ በኩል ክፍት ነው፣ ጨርቁ በሁለቱ መሀል ተወጥሯል።

«እኔን እንደፈለግሽ ጻፊኝ» አላት በመጨረሻ። «ሳቁብኝ፣ ሽበት ስፉልኝ፣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። እሷን ግን አትንኪያት። ሞታለች። አታንሺያት።»

ይሄን ብሎ አዲስ ምስማር ከሳጥኑ ዘገነና አፉ ውስጥ ጨመረ። ሳንሱር ምስማር ጎረሰ ማለት ፍርዱ ተሰጥቷል፣ ይግባኝ የለም ማለት ነው። ልጅቷም ይሄን ከሁሉ በላይ ታውቃለች። ጨርቁን በደንብ ወጠረችና ዓይኑን አይታው ተናገረች።

«እሷን ካልጻፍኳት የት ላግኛት፣ አባዬ?»

ሳንሱር መዳፉን ወደ አፉ ወሰደ። እንትፍ ሊል ነው። ለዚህማ መልስ አያጣም፣ ሰው በጽሑፍ አይነሳም፣ በጠጠርም አይነሳም፣ ይሄንኑ ነው ዕድሜውን ሙሉ ሲሳደብበት የኖረው። መዳፉ ከንፈሩ ሥር ተዘርግቶ ቆየ። ልጅቷ የቆመችበትን አየ፤ እናቷ ጨርቁን ይዛ የምትቆመው ልክ እዚያ ጋ ነበር፣ አንድ እግሯን ሶፋው እግር ላይ አስደግፋ፣ እንዲሁ እንደ ልጅቷ።

እጁን መለሰው። ምስማሮቹን ከአፉ አላወጣቸውም። ጨርቁን ወደ ራሱ ሳበ፣ እሷም ከወዲያ በኩል ሳበች፣ እስኪመሽ ሠርተው ሶፋውን ጨረሱት።