ጎንደርን ሰርዤ ጋፋትን መረጥኩ

የሁለተኛ ዲግሪዬን በታሪክ ስማር የቤተሰብ ታሪክ የሚባል ትምህርት ነበረን። መምህራችን እያንዳንዳችን የገዛ ቤተሰባችንን እንድናጠና፣ መጀመሪያም የምናተኩርበትን አካባቢ መርጠን እንድናስመዘግብ አዘዙን። እኔ ሳላመነታ ጎንደር ከተማን ጻፍኩ። አባቴ ዘራችን ከጎንደር የቤተ ክህነት ሰዎች እንደሚመዘዝ እየነገሩን ነው ያደግነው። ቤሩት ሰው ቤት በሠራሁባቸው አራት ዓመታት እንኳ የአገሬ ልጆች ስለ ትውልዳቸው ሲያወሩ ይህንኑ በኩራት እናገር ነበር።

ጎንደር ሁለቴ ተመላልሼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አባቴ በጠቀሱልኝ ደብር ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉ ቄስ የአያቴን ስም ሰምተው አያውቁም። ግራ ቢገባኝ ከደብረ ታቦር ወዲያ ገሳይ የሚኖሩት አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ሄድኩ። ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«ከጎንደር አልመጣንም» አሉኝ። «የጋፋት ሰዎች ነን። አባቴም አያቴም ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። አባትሽ እናንተ እንዳትሰደቡ ብሎ ነው የደበቀው።»

ልጅ ሳለሁ ከእኩዮቼ ጋር ሆኜ ቀጥቃጭን ቡዳ ነው እያልኩ መሸሼ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

በማግስቱ ጎንደርን አሰርዤ ጋፋትን አስመዘገብኩ። መምህሬ አልወደዱትም። ስለ ጋፋት የተጻፈው ሁሉ ጥንት ንጉሡ እዚያ ስላሠሩት መድፍ እንደሆነ፣ ስለ ተራ ቀጥቃጮች ግን አንድ ወረቀት እንደማላገኝ አስጠነቀቁኝ። የአንድ ሰው ቃል ብቻ ይዤ ብመጣ እንደማይቀበሉኝም ቁርጡን ነገሩኝ።

አክስቴን ይዤ ከደብረ ታቦር የጋፋትን የእግር መንገድ ተያያዝኩት። የአያቶቻችን ወናፍ የነበረበትን ቦታ አሳዩኝ፤ ዛሬ ገብስ ተዘርቶበታል። ዳሩን በዱላቸው ጫር ጫር ሲያደርጉት ከብረት ሥራ የተረፈ ጥቁር ዝቃጭ ብቅ አለ። እዚያው ቆመው አምስት ትውልድ በስም ቆጠሩልኝ።

ሁለተኛ ምስክር ፍለጋ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ። ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ ማረሻ ሲነግድ የኖረ አንድ ሙስሊም አዛውንት አገኘሁ። የሰማሁትን ሳልነግራቸው ማረሻውን ከነማን ይገዙ እንደነበር ጠየቅኳቸው። እሳቸው ከሚያውቁት ጀምረው፣ አባታቸው እስከነገሯቸው ድረስ ወደ ኋላ እየሄዱ አራት ስም ጠሩልኝ። አራቱም ልክ አክስቴ እንደነገሩኝ፣ ቅደም ተከተሉ እንኳ ሳይዛነፍ። አምስተኛውን አያውቁትም።

የማን ዘር እንደሆንኩ ስነግራቸው «ያንቺ አያቶች የሠሩትን ማረሻ ድንጋይ አይበግረውም ነበር» አሉኝ።

ጥናቴን ያቀረብኩ ዕለት አባቴ ምስጢራቸው መውጣቱን ስላልወደዱ እንደማይመጡ ነግረውኝ ነበር። ንግግሬን ከጀመርኩ በኋላ ግን በሩ ተከፍቶ ገቡና ከአክስቴ ጎን ተቀመጡ። ከፈታኞቹ አንዱ ያለ ጽሑፍ እንዴት እርግጠኛ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የሁለቱን አዛውንቶች ቃል ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ እርሻው ላይ የተገኘውን ጨምሬ አስረዳሁ። አምስተኛውን ስም አንድ ምስክር ብቻ እንዳለው ለይቼ መጻፌን ሲያዩ መምህሬ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከፍተኛውን ውጤት ሰጡኝ።

ሰው ሊበተን ሲል አባቴ ተነሥተው ወደ መምህሬ ሄዱ፤ እጃቸውንም ጨበጡ።

«የልጅቱ አባት ነኝ» አሏቸው፤ አዳራሹ እስኪሰማ ድረስ። «የጋፋት ቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።»