ውሃውን ተከተል

ቅዳሜ ጠዋት ገመቹ ደወለልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ግማሹን አልሰማሁትም። መቱ በክረምት እንዲህ ናት፤ ሰው በስልክ የሚነጋገረው አንዱን ጆሮውን በጣቱ ወትፎ ነው።

«ሌንሳ ወዳንተ እየመጣች ነው» አለኝ። የመጀመሪያ ልጁ ናት። «በሚቀጥለው ሳምንት አምስተርዳም ልትሄድ አይደል፣ ለትምህርት። እኔን እንደመከርከኝ ምከራት እንጂ። የውጭ አገር ከተማ አዋቂው አንተ አይደለህ።»

ይስቅብኛል። እኔ እንኳን አምስተርዳምን አዲስ አበባንም በቅጡ አላውቃት። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ መቱ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ዓለምን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዞራት የኖርኩ ሰው ነኝ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ግን ድምፁ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ደግሞ ንገርልኝ። ስትጨርስ እንድትመለስ ንገራት። እኔ ልናገር ስል ይተናነቀኛል። አባቴ አሰረኝ እንድትልም አልፈልግም። ካንተ ሲሆን ምክር ነው።»

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይህንኑ ልመና፣ በዚሁ ዓይነት ዝናብ፣ ከእናቱ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ሁለታችንም ላጤዎች ነበርን። እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ነው። ገመቹ ከመቱ ብዙ በማትርቀው ያዮ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ይሠራል። የጫካ ቡና የሚገዙ ፈረንጆች መጥተው ጫካውን አይተው ሄዱና፣ እናንተም ቡናችሁ የት እንደሚደርስ መጥታችሁ እዩ ብለው ጋበዙ። አንዱ ተጋባዥ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኑ፤ ሌላው እንግሊዝኛ የሚሞካክረው ገመቹ። ወሬው ከተማውን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

እናቱ እትዬ ጫልቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከሱ ሌላ ሰው አልነበራቸውም። በሽኝቱ እሁድ ቤታቸው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ ትኩስ የበቆሎ እሸት፣ የያዮ ማር በየሰሃኑ ቀረበ። የበላው ሁሉ ታዲያ ይመክራል። ጂዳ ደርሰው የመጡት ባለሱቁ ጋሽ ሙስጠፋ፣ «ፓስፖርትህን ከገላህ አትለይ፤ ስትታጠብም በላስቲክ ጠቅልለህ እያየኸው ታጠብ» አሉት። አንዲት የመዘምራን እህት ብርድ ላይ ከሳቀ ጥርሱ እንደሚሰነጠቅ ነገረችው። የጎረቤት ሽማግሌ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል እንዳያልፍ አጥብቀው አስጠነቀቁት፤ እንግዳ ሆኖ የሚኮራ ሰው ደስ አይልም አሉ።

ይህ እንግዲህ ጮክ ተብሎ የሚባለው ነው። በሹክሹክታ የሚባለው ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ሁሉም በየተራ ጎንበስ እያለ ጆሮው ላይ ያስቀምጥለታል። «እዚያው ቅር» አለው የአጎቱ ልጅ። «ጅል እንዳትሆን። ይህን ዕድል ማን አግኝቶት?» እትዬ ጫልቱ የበቆሎ ሰሃን ይዘው ከኋላው ቆመው ነበር። እንዳልሰማ ሆነው አለፉ። ሰሃኑን ግን ለማንም ሳያቀርቡ መልሰው አስገቡት።

ጥቂት ቆይተው ወደ ማድ ቤቱ ጠሩኝ። ዝናቡ በደጅ ይወርዳል።

«ታዴ፣ አንተን ይሰማሃል» አሉኝ። «እንዲመለስ ንገረው። እኔ ከነገርኩት ለኔ ብሎ ይመጣል። ለኔ ብሎ ከመጣ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በልቡ ሲወቅሰኝ ሊኖር ነው።»

እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ማክሰኞ ማለዳ እስከሚቀጥለው ከተማ፣ እስከ ሁሩሙ ልሸኘው አብሬው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እትዬ ጫልቱ መነሃሪያ ድረስ መጥተው «ናጋን ገሊ» አሉት፤ በሰላም ግባ ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ ገበያ ደርሶ ለሚመለስም የሚባል ነገር ነው።

ሁሩሙ ከመድረሳችን በፊት አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ያልሰመጠ አውቶቡስ ነው የሚያስገርመው። ወርደን ገፋን፣ ደግመን ገፋን፣ ረዳቱ አካፋ አንስቶ መቆፈር ሲጀምር ገመቹና እኔ አንድ ዋንዛ ሥር ተጠለልን። አዲሱን ጫማውን አውልቆ በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተሰብስቧል። አውሮፓ የሚሄድ ሰው አይመስልም ነበር።

«ሁሉም መከረኝ፤ አንተ ብቻ ዝም አልክ» አለኝ። «እስቲ ንገረኝ። ልቅር ወይስ ልምጣ?»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። እናቱ አደራ ብለውኛል። እኔም ራሴ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ ኧረ መፈለግ ብቻ አይደለም፣ ከመቱ ገመቹን ብትቀንሱት ለኔ የሚቀረኝ ጥቁር ሰሌዳና ዝናብ ነው። እንዲያ ስለፈለግሁ ነው አፌ የተያዘው። ና ካልኩት ለራሴ ስል ያልኩት ይሆናል፤ ቅር ካልኩት ውሸት ይሆናል።

«ከጠፋህ ውሃውን ተከተል» አልኩት።

አፍጥጦ አየኝና መሳቅ ጀመረ። ልጆች ሳለን በቡና ለቀማ ጊዜ ያዮ፣ አጎቱ ጫካ ውስጥ ጠፍተን ነበር። ቅርንጫፉ ሰማዩን ጋርዶታል፣ ጩኸታችን ወደኛው ይመለሳል። ኋላ አንዲት ጅረት አገኘንና ቁልቁል ተከትለናት የአንድ ማር ቆራጭ ጎጆ ላይ አወጣችን። ሰውዬው እንጎቻ በማር አቀረቡልንና ውሃ ሁልጊዜ ሰው ዘንድ ያደርሳል አሉን።

«አምስተርዳም ጫካ መሰለችህ?» አለኝ ገመቹ።

«የትምህርት ቤቱ አትላስ ላይ ውሃ አይቻለሁ» አልኩት። ከዚያ ረዳቱ ጠራን።

ከሁሩሙ በሚኒባስ ስመለስ እንባዬ አልቆም አለኝ። አጠገቤ ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ ሴትዮ «ማን ሞተብህ ልጄ?» አሉኝ።

እትዬ ጫልቱ በነዚያ ሳምንታት ስለሱ አንድም ጊዜ አላነሱም። እኔም እግሬን እየጎተትኩ ጠይቄያቸው እመለስ ነበር። ዝናቡ አባርቶ የመስከረም ፀሐይ ስትወጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ገመቹ ጫማውን እንደገና አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በበሩ ገባ። እናቱ ቀና ብለው አዩትና «እግርህን ሳትታጠብ ምንጣፉን እንዳትረግጥ» አሉት።

እሱ ሲታጠብ ነው የመጥፋቱን ነገር የነገረን። ሊቀመንበሩ ብርዱን ፈርተው ከአልጋ አልወርድም ያሉ ዕለት ብቻውን ወጣ። እኛ መንገድ የምንጠቁመው ወደ ላይ ወደ ታች እያልን ነው። እዚያ ላይ የለ ታች የለ፣ አገሩ ሜዳ ነው። ሲጠፋበት ምክሬ ትዝ አለውና ውሃውን ተከተለ። የአምስተርዳም ውሃ ደግሞ ተቆፍሮ የተሠራ ነው፤ ከተማዋን ይጠመጠማታል እንጂ የትም አይወርድም። ሄዶ ሄዶ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዞሮ አንዲት ጀልባ ላይ ደረሰ፤ አበባ የተደረደረባት፣ ሰው የሚኖርባት ጀልባ። ቀጠለ። አሁንም ያቺው ጀልባ። እስከዚያ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሲል ማንም አልመለሰለትም። የጀልባዋ ባለቤት አሮጊት ግን፣ ደጋግመው ሲያልፍ ስላዩት፣ በመጨረሻ ሳቁና በእጃቸው ጠሩት። ዳቦ በአይብ አበሉት። ከዚያ ብስክሌታቸውን እየገፉ ማረፊያው ድረስ አደረሱት።

«እና አልዋሸህም» አለኝ፤ «ሰው ዘንድ አድርሶኛል። አዙሮ አዙሮ ነው እንጂ።»

ልወጣ ስል እትዬ ጫልቱ እስከ አጥሩ ተከተሉኝ። እጄን ያዙ። «ነገርከው አይደል? እግዜር ይስጥህ።»

«አልነገርኩትም፣ እትዬ» አልኳቸው። «አፌ እምቢ አለኝ። ስለ ውሃ ብቻ ነው ያወራሁት።»

«ምንም?»

«ምንም። በራሱ ነው የመጣው።»

እትዬ ጫልቱ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ያዙና እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሲመጣ ያላለቀሱት ሴትዮ ያኔ አለቀሱ፤ እያለቀሱም ይስቃሉ። «በራሱ» ይላሉ፣ መልሰው «በራሱ» ይላሉ። ሲረጋጉ እንደለመኑኝ ለሱ እንዳልነግረው አስማሉኝ። ካረፉም ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ ዛሬ ነግሬው አላውቅም።

ገመቹ ከደወለ ብዙም ሳይቆይ ሌንሳ ጃንጥላዋን በራፍ ላይ አራግፋ ገባች። የእሸት በቆሎ ጠበስኩላት። ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጥርሱ ሁሉ ነገርኳት። ውሃውን ተከተይ ስላት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ።

«ይሄ መንገድ ያሳያል እኮ ጋሼ።»

«ባትሪው ሲያልቅስ?»

ሳቀች። ሳቋ የአያቷ ነው። ሌላው ቃል አሁንም ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ አሁንም ዋጥኩት። ጉንጬን ስማኝ ሄደች። እስክትታጠፍ ድረስ በራፍ ላይ ቆሜ አየኋት። ባትመጣስ? ላትመጣ ትችላለች እኮ።

ገመቹ ብዙ ሳያስቆየኝ ደወለ። «ነገርካት?»

«ስለ ውሃው ነገርኳት።»

«ሌላውንስ?»

«አልነገርኳትም» አልኩት። ለእናቱ የማልኩትንም እዚያው አፈረስኩ። «አምስተርዳም ስትሄድ እናትህም ይህንኑ ንገርልኝ ብለውኝ ነበር።»

እሱም ቤት እኔም ቤት የሚዘንበው ያው ዝናብ ነው፤ በስልኩ ውስጥ ሁለቱንም እሰማለሁ።

«አልነገርከኝም» አለ በመጨረሻ።

«አልነገርኩህም። በራስህ መምጣትህን ሲሰሙ ምን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«ምን ሆነች?»

«ና፣ ልንገርህ» አልኩት። ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ አልጠበቀም።