ያልሄድኩበት ጤና ኬላ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ጎንደር

ከሰፈሬ ከቀሐ ተነስቼ በባጃጅ መነኻሪያ ስደርስ ገና አልነጋም። ኅዳር ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበርና እዚያ ተቀመጥሁ። የያዝኩት አንድ ቦርሳ፣ አንድ ደብተርና ኩርፊያ ነው።

ኩርፊያው ከአማካሪዬ ጋር ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ነኝ፤ በትርፍ ሰዓቴ የመረጃ ሥርዓት አስተዳደር ማስተርሴን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የገጠር ጤና ባለሙያዎች ታብሌት ላይ የተጫነላቸውን የቤተሰብ መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት ያጠናል። መጠይቁ ተሞልቶ ተመልሷል፣ ቁጥሩ ተተንትኗል፣ የቀረኝ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ ብቻ ነበር። አማካሪዬ ሰንጠረዡን አይተው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

“ይህ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ‘በጣም እስማማለሁ’ አይልም። አንድ ጤና ኬላ ሂጂና ሁለት ቀን ተቀመጪ። አትጠይቂ፤ እዪ” አሉኝ።

ከትምህርት ቤቴ የሁለት ቀን ፈቃድ ለምኜ ነው የወጣሁት።

አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ከወለቃ በላይ

ወለቃ ላይ ሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን መንገድ ዳር መደርደር ጀምረዋል። ከዚያ በኋላ ዳገት ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ክምር፣ ጭድ የጫኑ አህዮች፣ ውርጭ ያነጣው ሣር። ሹፌሩ አያ ሙላት ሽበታም ናቸው፤ ማርሽ በቀየሩ ቁጥር ትንሽ ያቃስታሉ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ሸጋ ነው አሉ፤ ከዚያ ግን ጥናቱ አልቆ ከሆነ ምነው አሁን ትሄጃለሽ ብለው ጠየቁኝ። ለማጣራት ነው አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ኮሶዬን እንዳለፍን ትራፊክ አስቆመን። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሆነን ተጣብቀናል። መተላለፊያው ላይ በርጩማ ይዘው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አጎነበሱ። ትራፊኩ ከታሪፍ በላይ የከፈለ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም በአንድ አፍ የለም አልን። እኔም አልኩ፤ የከፈልኩት ግን የታሪፉን እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አያ ሙላት በመስታወቱ እያዩን እግዜር ይስጥልን አሉ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሴቶች ትኩስ የድንች ቅቅል ከሚጥሚጣ ጋር በመስኮት ይሸጣሉ። ሦስት ፍሬ ገዛሁ፤ እጄን ሳሞቅበት ቆይቼ በላሁት።

ረፋድ አራት ሰዓት፤ ጤና ኬላው

የወረድኩባትን ከተማና የጤና ኬላውን ስም አልጽፍም። ባለሙያዋንም የዝና ብዬ ልጥራት፤ ስሟ አይደለም። ጤና ኬላው ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ከሩብ በእግር ነው። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ገብስ የሚወቁ ሰዎች በከተማ ጫማዬ ሳቁብኝ።

ጤና ኬላው ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። የዝና ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ። ደብዳቤዬን አንብባ ጥግ ላይ ያለውን አግዳሚ አሳየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም እንደታዘዝኩት ተቀመጥሁ።

እስከ ሰባት ሰዓት ስምንት እናቶች መጡ። ሕፃናቱን መዘነች፣ ከተበች፣ አንዷን ነፍሰ ጡር ለብቻዋ ይዛ አነጋገረች። የምትጽፈው ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። ሰው ሲበዛባት የእጇ መዳፍ ላይ በእስክርቢቶ ቁጥር ትጭርና በኋላ ትገለብጠዋለች። ታብሌቱን አላየሁትም። በመጠይቄ ላይ ግን “በየቀኑ፣ በአገልግሎቱ ሰዓት እጠቀምበታለሁ” ለሚለው ጥያቄ ከሁሉም የመጣው መልስ አንድ ነበር፤ “በጣም እስማማለሁ”።

ምሳዋን አካፈለችኝ፤ ቀዝቃዛ ሽሮ ፍትፍት። እጃችንን ስንታጠብ ታብሌቱ የት እንዳለ ጠየቅኋት። አትጠይቂ መባሌ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

የዝና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። “ይኼ ለማን ነው የሚነገረው?” አለች።

ለማንም በስም እንደማይነገር ማልኩላት። ተነሥታ የብረት ቁም ሣጥኑን ከፈተችና ታብሌቱን አወጣች፤ አቧራ እንዳይገባው በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላዋለች። እዚህ ኔትወርክ የለም፤ የፀሐይ ኃይሉ ከተበላሸ ቆይቷል። ታብሌቱን ገበያ ለሚሄድ ሰው ሰጥታ ከተማ ታስሞላዋለች። ዐርብ ዐርብ ደግሞ ጋራ ላይ ወጥታ የሳምንቱን ከመዝገቡ ታስገባለች።

መጠይቁ ላይ ግን እንዲያ አላለችም፤ ለምን? አልኳት።

“መጠይቁን የሰጡን ስብሰባ ላይ ነው። አለቃችን ፊት ለፊት ተቀምጦ እየሰበሰበ ያያል። ከላይ ስም ጻፉ ይላል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትሞያለሽ?”

ስም ጻፉ የሚለውን መስመር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ወረቀት ቢጠፋ ለመቁጠር ይመቸኛል ብዬ። መጠይቁንም ለአለቃቸው የላክሁት እኔ ነኝ፤ የመኪናውን እንግልት ፈርቼ። የዝና የማታውቀው ሌላም ነገር ነበር። በጽሑፌ ምዕራፍ ሦስት ላይ “ተመራማሪዋ በየጤና ኬላው በአካል ተገኝታ መጠይቁን አስሞልታለች” ብዬ ጽፌያለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ እንዲህ ስለሚጽፉ ሳልጨነቅ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ደብተሬ ላይ አንድም ቃል አልጻፍኩም።

ዐርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጋራው ላይ

ከተማ ውስጥ የዝና በተከራየችው ክፍል አብሬያት አደርኩ። ዛሬ ሥራ ሲቀንስ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልላ ያዘች፤ እኔ ታብሌቱን ያዝኩ። ዳገቱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት ጊዜ አረፍኩ፤ እሷ አንድም ጊዜ አላረፈችም። ለእኔ ስትል ግን ቆመች።

አናቱ ላይ ነፋሱ ያንገዳግዳል። የዝና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ እንዳያንጸባርቅባት ነጠላዋን ከራሷ እስከ ታብሌቱ አለበሰችው። ከውስጥ ሆና የልጆቹን ስም እያነበበች ታስገባለች፤ እኔ መዝገቡን በሁለት እጄ ይዤ ገጹን እገልጥላታለሁ። አንድ ስም ለማስገባት ኔትወርኩ አንዳንዴ አራት ጊዜ ይመልሳታል። አልተማረረችም። እንደገና ትነካዋለች።

የእኔም ስልክ ኔትወርክ አገኘ። ትንሽ ራቅ ብዬ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ መጨረሻ ላይ ስለ ምዕራፍ ሦስት ነገርኳቸው።

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

“እኔ ምዕራፍ ሦስትን የፈረምኩት አንቺን አምኜ ነው” አሉ።

ዲፌንሱ እንደማይደረግ፣ ከተሰበሰበው መጠይቅ አንዱንም እንዳልጠቀም፣ ከናሙናው ጀምሬ እንደገና እንደምሠራ ነገሩኝ። ይህ ማለት የዘንድሮው ምርቃት ቀረ ማለት ነው። ከመዝጋታቸው በፊት ግን የዝና አሁን ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቁኝ። የማየውን ነገርኳቸው። ያንን ዛሬውኑ ጻፊው፣ ሰዓቱንም ጻፊ አሉኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። የዝና ከነጠላው ሥር ሳትወጣ ምነው አለቀስሽ እንዴ አለችኝ። ነፋሱ ነው አልኳት፤ ወዲያው ደግሞ ነፋሱ አይደለም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና፣ “ስንት ጤና ኬላ ነው የምትሄጂው?” አለች። በአዲሱ እጣ የሚወጡልኝን ሁሉ አልኳት። ወንዝ ተሻግሮ ያለ አንድ ጤና ኬላ እንዳለ፣ እጣው እሱ ላይ ከወጣ ከክረምት በፊት እንድጨርሰው መከረችኝ። ከዚያ፣ “ግለጪልኝ” አለች፤ ገጹን ገለጥኩላት።

ቅዳሜ፣ ሰባት ሰዓት፤ ጎንደር

መልሱ ቁልቁለት ስለሆነ ቶሎ ደረስን። ደብተሬ አሥራ አንድ ገጽ ሞልቷል፤ እጄ ዝሏል። ከዲፌንሱ መቅረት ይልቅ የከበደኝ እናቴ ናት። ለምርቃቴ ዘመድ ጠርታለች፤ እኅቷ ከመተማ ልትመጣ ቀን ቆርጣለች።

ቀሐ ቤታችን ስገባ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጫማዬን አየችና ምን ሆነሽ ነው አለች። አጠገቧ ተቀምጬ ዘንድሮ እንደማልመረቅ ነገርኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። “ወድቀሽ ነው?”

“አልወደቅሁም እማዬ። ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ ብዬ ጽፌ ነበር።”

ሰፌዱን አንድ ጊዜ ነቀነቀችና ድንጋይ አውጥታ ወረወረች።

“ታዲያ ሂጂና ሥሪዋ” አለች።