ሰባተኛው ካሴት

ወንድሜ ቁልፍ ሠሪ ነው። የሰፈሩን በር ሁሉ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የገዛ ቤቱን በር ግን ድንጋይ አስደግፎ ነው ወጥቶ የሚሄደው። ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ኖሯል። ታዲያ ሚስቱ በሞተች በስድስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ስኳር ልበደር ብዬ ብገባ፣ ተንበርክኮ ቁም ሳጥኑ መሳቢያ ላይ ቁልፍ ሲገጥም አገኘሁት።

"ምን ልታስቀምጥበት ነው?" አልኩት።

"ምንም።"

"ለምንም ቁልፍ ይገጠማል እንዴ?"

"እታለም፣ ስኳሩ እዚያ ነው" አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

በቃ፣ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። ተጠራጣሪ ነሽ ይሉኛል፤ አዎ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ሻጭ ጨርቁን እየለጠጠ ሲለካልኝ የኖርኩ ሴት ብጠረጥር ይፈረድብኛል?

እኔና የወንድሜ ሚስት አንድ ግቢ እየኖርን አንድ ላይ መጋረጃ እንሰፋ ነበር። ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ስለነበረች ቀጮ ነበር የምንላት። መጋረጃ እንደ ቀሚስ አይደለም፤ አምስት ሜትር ጨርቅ ለአንድ ሰው አይታዘዝም። አንዷ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ከኋላ ቆማ ጨርቁን እኩል ትስባለች። የምትስበዋ ከቸኮለች ስፌቱ ይጣመማል፣ ከዘገየች ይኮማተራል። እኔ መኪናው ላይ፣ ቀጮ ከኋላ። እሷ ደግሞ ያለ ዘፈን መሳብ አታውቅም። ከራሷ እያወጣች ነው የምትዘፍነው፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባሏ ካልሲ፣ ተከራክራን ስለሄደች ደንበኛ። ምሳ ላይ "ጠዋት ያልኩት ምን ነበር?" ትለኛለች። እኔ ምኑን አውቄ! መርሳቱ ሲሰለቻት ሱቃችን ባለው አሮጌ ቴፕ ላይ ባዶ ካሴት እየከተተች ትቀዳ ጀመር።

እሷ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን ነው የምሰፋው። ስፌቴ ይጣመማል። ሦስት ደንበኛ መጋረጃ መልሶብኛል። ለሰው ዓይኔ ደክሞ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ቀጮ ሱቅ የዋለችበት የመጨረሻ ቀን ራሴን ይወቅረኝ ነበር። እሷ ትዘፍናለች፣ መኪናው ይጮኻል። ቱግ አልኩና "አንቺ ሴት፣ ዝም በይ እንግዲህ! ጆሮዬን በላሽው!" አልኳት። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ቤት ስትገባ ልቧን አመማት፣ ሆስፒታል ወሰዷት፣ በዚያው ቀረች። ወንድሜ ለቅሶው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "እታለም፣ መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ?" አለኝ። ምን ልበለው? "ወንድምሽን አደራ አለችኝ" አልኩት። ዋሸሁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መሳቢያው ከተቆለፈ በኋላ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ መላጨት ጀመረ። ሸሚዝ ተኩሶ ይለብሳል። ስልክ ሲደወልለት ወደ ግቢ ይወጣል። አንድ ቀን ጆሮዬን ጣል ባደርግ የሴት ልጅ ድምፅ ነው፤ ያውም ለጋ! "ቅዳሜ እንዳይቀሩ" ትለዋለች። አይ ጉድ! የቀጮ አፈር ሳይደርቅ!

"ቅዳሜ የት ነው የምትሄደው?" አልኩት።

"ሥራ ነው። የአንድ መጋዘን ቁልፍ ተበላሽቶ።"

"በየቅዳሜው የሚበላሽ ምን ዓይነት ቁልፍ ነው?"

"ርካሽ ቁልፍ" አለኝና ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የማላዘወትረውን ሻሽ አስሬ ተከተልኩት። አውቶቡስ ውስጥ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ተከልዬ። ወረደ፣ ወረድኩ። አንድ ጎማ መለጠፊያ ቤት ጎን ወደ ምድር ቤት የሚወስድ ደረጃ አለ፤ እዚያ ገባ። ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ አንዲት ልጅ ስትዘፍን ሰማሁ። ደርቄ ቀረሁ። የቀጮ ዘፈን ነው! ያ ስለ ዝናብ ያወጣችው፣ የአንድ ሆቴል ሰማያዊ መጋረጃ ስንሰፋ።

"እናቴ፣ ጎማ ነው ወይስ ዘፈን?" አለኝ ጎማ ለጣፊው።

"ሌባ ነው የምፈልገው።"

"እሱስ ታች ሳይኖር አይቀርም" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ያለ ጠያቂ ሁሉንም ዘረገፈልኝ። ታች ስቱዲዮ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው በየሳምንቱ አንድ አንድ ካሴት ይዞ ይመጣል፤ ዘፋኟ ከካሴቱ እያጠናች ትቀዳለች፣ አልበም ሊያደርጉት ነው። "ሰውየው አይዘፍንም። ጥግ ይዞ ያለቅሳል፤ ሲወጣ ግን ቀለል ብሎት ነው የሚወጣው" አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው አንጀቱ ይራራ ነበር። እኔ ግን ባሰብኝ። ወንድሜ የዋህ ነው፤ ልጅቷ ዘፈኑን ትወስድና የራሷን ስም ትለጥፍበታለች፣ ቀጮ ድጋሚ ትሞታለች አልኩ። ደሜ ፈላ።

ሰኞ እሱ ሥራ እንደወጣ ቤቱ ገባሁ። ቁልፉን አልነካሁትም፤ የወንድሜን ቁልፍ ማን ከፍቶት ያውቃል? ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረግኩና የጀርባውን ስስ ጣውላ በመቀሴ ጫፍ ሚስማር በሚስማር ነቀልኩት። መሳቢያው ውስጥ፣ በቀጮ ሻሽ የተጠቀለሉ ሰባት ካሴቶች። ስድስቱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል፣ ተቀድተው ያለቁት ናቸው። ሰባተኛው ምልክት የለውም። በቀጮ ጽሕፈት ቀን ብቻ ተጽፎበታል። ቀኑን ደግሜ አነበብኩት። ዝም በይ ያልኳት ያ ቀን ነው።

ከሌቦች ላድናት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ካሴቱን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ሌባ አይደለም፣ የገዛ ድምፄን ነው። ምልክት ስለሌለው ወንድሜ ገና አልሰማውም፣ ከሰማው አደራ ያልኩት ሁሉ ገደል ገባ ብዬ ነው። ጣውላውን መልሼ መታሁት፣ ካሴቱን ሱቅ ወስጄ ክር የማስቀምጥበት ጣሳ ግርጌ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ መላጨት ተወ። ቅዳሜ ቤት ይውል ጀመር። ምሳ እኔ ጋ ይመጣል፣ ሳህኑን ያያል፣ ይሄዳል። አንድም ቀን ግን "አየሽው ወይ?" አላለኝም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ሱቄ መጣች። በድምፅዋ አወቅኋት። እኔ ተኳኩላ የምትመጣ ጠብቄ ነበር፤ ይቺ ግን የደከመ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ቀን ቀን ፋርማሲ የምትሠራ ምስኪን ናት።

"እማማ፣ እህታቸው መሆንዎን ነግረውናል" አለችኝ። "አንድ ካሴት ጠፋባቸው። ከስድስተኛው ጋር አምጥቼው ስቱዲዮ ነው የጠፋው ብለው ባለ ስቱዲዮውን ሌባ አሉት። ከቤት አይጠፋም፣ ቁልፉን እኔ ነኝ የሠራሁት ይላሉ።"

ወይ ወንድሜ! ሰው ቁልፉን ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ያሳምነዋል?

"ስድስቱን እኔ ዘፍኛለሁ፣ ሰባተኛው በራሳቸው በባለቤታቸው ድምፅ ነበር የሚወጣው። አልበሙ ላይ የሚጻፈውም የባለቤታቸው ስም ብቻ ነው። አሁን ግን እሱ ካልተገኘ ስድስቱንም አጥፉልኝ ብለዋል።" ዓይኗ እንባ ሞላ። "እማማ፣ እባክዎን ይምከሯቸው። ያ ዘፈን ነበር የያዛቸው።"

ልጅቷ ስትወጣ ሱቁን ዘጋሁና ጣሳውን እንደታቀፍኩ ወንድሜ የሚሠራበት ድረስ ሄድኩ። ሞረድ ይዞ ተቀምጧል። ክሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁትና ካሴቱን ፊቱ አስቀመጥኩ።

ካሴቱን አየው። እኔን አየኝ። መጀመሪያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ቁልፉን እንዴት ከፈትሽው?"

"አልከፈትኩትም። በጀርባው ነው የገባሁት።"

"በጀርባው" አለ። ሞረዱን አስቀመጠ። ሊስቅም ሊያለቅስም ያማረው ይመስላል። "ሰማሽው?"

"አልሰማሁም። አንተም ባትሰማው ብዬ ነው።"

"እኔማ ሰምቼዋለሁ። የተቀበረች ሳምንት ሰባቱንም ሰምቻለሁ።"

ክው አልኩ። ስምንት ወር! ስምንት ወር ሙሉ ውሸቴን እያወቀ ገበታዬ ላይ ተቀምጧል። "ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?"

"ምን ልበልሽ እታለም? የተቆጣሽው አንድ ቀን ነው፤ ሃያ ዓመት አብረሻት ሠርተሻል።" ካሴቱን በመዳፉ ሸፈነው። "ቁልፉን ለሌባ አይደለም የገጠምኩት። ላንቺ ነው። ድምፅሽን ከውስጡ እስኪያወጡልኝ ድረስ እንዳትሰሚው።"

እዚያው፣ መንገደኛ እያየኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶው ቤት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ናፍቃኛለች፣ ምን ልዋሽ።

ቅዳሜ ሁለታችንም ደረጃውን ወረድን። ወንድሜ የስቱዲዮውን ሰውዬ ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም ሌባዋ እኔ ነኝ አልኩ። ሰውየው ደግ ነው፣ "ቤተሰብ ነው" ብሎ አለፈው። ካሴቱን ከተተ። መኪናዬ ሲንኳኳ ተሰማ፣ ቀጥሎ ቀጮ። እንደ ድሮዋ፣ ጨርቁን በሳበች ቁጥር ድምፅዋ ጎተት እያለ። ከዚያ ያቺ የተረገመች ጩኸት መጣች። "አንቺ ሴት፣ ዝም በይ እንግዲህ!"

"ይቺን ሴትዮ ነው የምናወጣት፣ ቀላል ነው" አለ ሰውየው።

"ሴትዮዋ እኔ ነኝ" አልኩ። ሰውየው ኩም አለ። ካሴቱ ግን አልቆመም። ቀጮ ሳቀች። ያ አፍንጫዋን እየነፋች የምትስቀው ሳቅ። ቀጥላ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ዝም ብልማ ስፌትሽ ይጣመማል፣ እታለም" አለች። ወደ ዘፈኗ ተመለሰች።

መኪናው ይጮህ ነበራ! አልሰማኋትም! ስምንት ወር የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው ብዬ ስቃጠል፣ መልስ ሰጥታኝ ኖሯል።

"ላውጣው ወይስ?" አለ ሰውየው፣ አንዴ እኔን አንዴ ወንድሜን እያየ።

"እንዳትነካት" አልኩት። "እኔን ካወጣኸኝ እሷ ለማን ነው የምትመልሰው?" ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አልበሙ ወጣ። ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እከፍተዋለሁ። ባለፈው አንዲት ደንበኛ መጋረጃዋን ስትጠብቅ ሰባተኛው ዘፈን ላይ ደረሰ። ጩኸቴን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች።

"ምን ዓይነት ክፉ ሴት ናት ባካችሁ!" አለች።

"ነይ፣ ከኋላ ቁሚና ጨርቁን ሳብ ሳብ አድርጊልኝ" አልኳት። "ዝም ብለሽ ስሚ፣ መልሱ እየመጣ ነው።"