ከመመዝገብ በፊት የተጻፈው ሰሌዳ

ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ እና መቱ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሴት። ሦስታችንም በየግል ንግድ ፈቃዳችን ከሁሩሙ ገበሬዎች ማር ገዝተን እንሸጣለን፤ የምንጋራው የመኪና ኪራይ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን የባለቤቴ ወንድም ወሬ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ግለሰብ ሠላሳ አምስት በመቶ ይገብራል፤ ኩባንያ ግን ሠላሳ ነው። ኩባንያ ካላቋቋምን እኔ ንግዱን እተዋለሁ!"

ትምህርት ቤት ባልገባም ራሴን አስተምሬ አነባለሁ። ሕጉን ግን ሳላነብ አመንኩት። ሳንመዘገብም የኩባንያውን ስም የያዘ ሰሌዳ አስጻፍን።

ለኩባንያው የግብር ከፋይ ቁጥር ልናወጣ ስንሄድ፣ ግብር ቢሮ ያለችው ወጣት ሠራተኛ የየአንዳንዳችንን ትርፍ ጠየቀችና ሳቀች።

"ጋሼ፣ ሠላሳ አምስቱ እኮ ትልቅ ትርፍ ላይ ነው፤ እዚያም የሚቆረጠው ከወሰኑ በላይ ካለው ብቻ ነው። የእናንተ ትርፍ አይደርስም። ኩባንያ ግን ከመጀመሪያዋ የትርፍ ብር ጀምሮ ሠላሳ ይከፍላል። ትርፉን ስትካፈሉ ደግሞ ሌላ አሥር በመቶ አለ።"

"ሰሌዳውስ?" አሉ ባለሱቋ።

"እሱ አይገብርም፣ እትዬ።"

ልጆቼ፣ ግብር መክፈል ግዴታ ነው፤ የሚከፍሉትን አውቆ መክፈልም እንደዚያው ነው። ያቺ ሠራተኛ ዝም ብላ ልትመዘግበን ትችል ነበር። ስለመከረችን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። የባለቤቴ ወንድምም ንግዱን አልተወም፤ ሰሌዳውም የማር ጣሳ መደርደሪያ ሆነ።

ስህተቱ ሦስታችንን ያስወጣን የሰሌዳ ጸሐፊውን ዋጋ፣ ዘጠኝ መቶ ብር ብቻ ነው።