በቀትር መብራት ስሸጥ

ሥራ የጀመርኩት በገበያ ቀን ጉንደ ወይን ላይ ነው፤ በቀትር የሶላር መብራት ልሸጥ ቆሜ። አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ነበራቸው። የሰጡኝ ሥልጠና አጭር ነው፦ ፓኔሉን ወደ ፀሐይ አዙር፣ ገመዱን ሰካ፣ ማብሪያውን ተጫን፣ ቀሪውን ዕቃው ራሱ ይናገራል አሉኝ።

ተጫንኩ። ዕቃው ምንም አልተናገረም። በዚያ ፀሐይ መብራቱ ይብራ አይብራ የሚለይ ጠፋ። አጠገቤ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ቀርባ አይታ፣ ጠፍቷል አለችኝ። በርቷል ብዬ ተከራከርኳት።

ጋቢዬን በእንጨት ላይ ወጠርኩና ደንበኛውን አንድ በአንድ ከሥሩ አስገባ ጀመር። ሰው እየተኮሳተረ ይገባል፣ ፈገግ ብሎ ይወጣል። ከሩቅ ለሚያየን ደግ ሥራ አይመስልም። የዲማው የቅኔ መምህር መሪጌታ ልሳነ ወርቅ፣ ጠንቋይ ገበያ መሀል ድንኳን ተክሏል ሲባል ሰምተው ሊገሥጹኝ መጡ። ገብተው ይዩት ብዬ ለመንኳቸው። ገቡ፤ ቆዩ። ሲወጡ ለተማሪዎቼ አራት ስጠኝ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሽያጩ ሞቀ። አለቃዬም ከፊተኛው የረከሰ ዕቃ አገኘሁ ብለው ደስ አላቸው። ካርቶኑ ያው፣ ቀለሙም ያው ነው። የሚመረምር አልነበረም፤ እኔም አልመረመርኩም። መሪጌታ ከዚህኛው ስምንት ጨመሩ።

ክረምቱ ሳይጋመስ አዲሶቹ መብራቶች ተራ በተራ ሞቱ። ገበያ የምገባው በጓሮ መንገድ ሆነ። በመጨረሻ መሪጌታ አስጠሩኝ። ዲማ ስደርስ ስምንቱን ግድግዳ ላይ በተርታ ሰቅለው ጠበቁኝ። ከእነዚህ ነፍስ ያለው ካለ ለይልኝ አሉ።

አንዱን በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ የትልቅ ባትሪ ልብስ የለበሰ ትንሽ ባትሪ ነበር። መልሼ ልገጥመው ዳድቶኝ ነበር፤ አጠገቤ ስለተቀመጡ አሳየኋቸው። አለቃዬን፣ አስመጪውን፣ ፋብሪካውን ሁሉ ከሰስኩ።

"ልክ ነህ ልጄ" አሉኝ ሰምተው ሲጨርሱ። "የሸጥክልኝ ግን አንተ ነህ።"

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ።

በዚያው ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ የሶላር ገበያን ስለማስፋፋት ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከጀርባቸው። መሪጌታም በተጠቃሚ ስም ተጋብዘዋል። ሰብሳቢው የሶላር ዕቃ ከቀረጥ ነፃ እንደሚገባ፣ ገበሬውም በብድር የሚገዛበት መንገድ እንደታሰበ ሲናገሩ አለቃዬ ቀድመው አጨበጨቡ።

መሪጌታ ተነሡ። "ፀሐይማ ድሮም ቀረጥ ከፍላ አታውቅም" አሉ። "እኔ የምጠይቅዎ፣ ነፃ የወጣው ደኅናው ዕቃ ብቻ ነው ወይስ ሌባውም ጭምር?"

አዳራሹ ሳቀ። አለቃዬ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሰብሳቢው ዕቃው ከእንግዲህ እየተመረመረ እንደሚገባ፣ ሻጩም ዋስትና እንደሚሰጥ አስረዱ። መሪጌታ ግን አልተቀመጡም፤ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ የትስ እንደሚገኝ ጠየቁ። ሰብሳቢው አለቃዬን አዩ። አለቃዬ ዘወር ብለው እኔን አዩ። የጉንደ ወይን የጥገና ሠራተኛ ሆኜ የተሾምኩት እንዲህ ነው።

ጠረጴዛ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተርና የመበየጃ ካውያ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመሪጌታን ስምንት ባትሪዎች ለወጥኩ።

አንድ ቀን አያ ሙሉ የሚባሉ ገበሬ የዋስትና ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ አዲሱ መብራት ሳምንት ሳይሞላው ጠፋ አሉኝ። ብመረምረው ጤነኛ ነው። ፓኔሉን የት እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው።

"በረዶ እንዳይሰብረው ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ" አሉ።

ዋስትናው ይህን አይጨምርም ብዬ ልሸኛቸው እችል ነበር። ተከትያቸው ሄድኩና ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ፓኔሉን አሰርኩት። በሳምንቱ ሦስት ጎረቤቶቻቸው ሊገዙ መጡ። አንደኛው ጣሪያ የምወጣው እኔ መሆኔን ሳያረጋግጥ አልከፈለም።

ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ የማውቀው ይህን ነው። ቀረጥ ሲነሣ ዕቃው ገበያ ይደርሳል። ዳግመኛ የሚገዛው ግን ሲበላሽ የሚሠራለት ሰው የት እንደሚቀመጥ ያወቀ ነው።