የጋሽ ደስታ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰናይት ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ ስታመጣኝ፣ መንገድ ላይ መኪናዋን ቀስ አደረገችና «አባዬ፣ ይሄ ድምፅ ይሰማሃል? ምንድን ነው?» አለችኝ ጮክ ብላ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ መካኒክ የነበርኩ ሰው ነኝ። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ምንም የለም። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ጭሱን እየተፋ ይሄዳል፤ እሱንም አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። «ክሮቼራ ነው» አልኳት፣ ያውም ቆጣ ብዬ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ይህች መልስ የእኔ አልነበረችም፤ የጋሽ ደስታ ነበረች።

ጋሽ ደስታ አለቃዬ ነበሩ። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ አቃቂ በሰቃ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በነበረው ጋራዣቸው እሠራ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር ሰክቶ የመኪና በሽታ ማንበብ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ደስታ ረጅሙን ካቻቪቴ አንስተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሌላውን እጃቸውን ከፍ ካደረጉ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ጎረቤታችን ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ ብረት የሚቀርጽበትን ቶርኖ ያጠፋል። ሻይ ቤቷም ሬዲዮዋን ትቀንሳለች። ቀልዴን አይደለም! ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው «ሁለተኛው ፒስቶን ነው» ካሉ ሁለተኛው ፒስቶን ነው፤ አለቀ ደቀቀ።

እትዬ ሙሉ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን፤ የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ሆነው ጡረታ የወጡ። ባላቸው ሲሞቱ ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት የጣሊያን ስፖርት መኪና ትተውላቸዋል። ዘመድ ሁሉ ሽጪው ቢላቸው «እሱ ሞተ እንጂ መኪናው መቼ ሞተ!» ብለው ራሳቸው ይነዱታል። ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጣሪያውን ከፍተው በአቃቂ ድልድይ ሲያልፉ ጋሪ ነጂው ሁሉ ቆሞ ያያቸዋል።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ጭቃው ደርቆ አቧራው ገና ያልተነሳበት ጊዜ። እትዬ ሙሉ መጡና «አቶ ደስታ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ፣ ከሥሬ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ሽምብራ ይንቀጫቀጫል» አሉ። ጋሽ ደስታ ካቻቪቴያቸውን አንስተው አዳመጡ። «ክሮቼራ ነው» አሉ። ክሮቼራ ማለት የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ ከጫፉ የሚያያይዝ መስቀል ብረት ነው። ቀየርኩት። በማግስቱ እትዬ ሙሉ ከነሽምብራቸው ተመለሱ።

«እንግዲያው ዲፈረንሻል ነው» አሉ ጋሽ ደስታ፤ በኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለውን የጥርስ ሳጥን ማለታቸው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መኪናው ሥር ተኝቼ፣ የጣቴ ቆዳ እስኪላጥ ፈታሁት። ጥርሶቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። ገጥሜ ሰጠኋቸው፤ ሽምብራው እዚያው ነው። በሦስተኛው ጊዜ እትዬ ሙሉ ሰላምታም አልሰጡን። ከመኪናቸው ወርደው ቁልፉን ሰጡኝና «አቶ ደስታ፣ አክባሪዎ ነኝ። እስከ ነገ ቅዳሜ ካልሆነ ግን ከተማ ወስጄ አሳያለሁ» አሉ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ያቺ ቀይ መኪና ከተማ ከሄደች፣ መኪናዋ ሳትመለስ ወሬው ቃሊቲ ይደርሳል። ጋሽ ደስታ ዘመናዊ መሣሪያ የላቸው፣ ትልቅ ጋራዥ የላቸው። ያላቸው ያ ጆሮ ነው፤ እሱ ከተናቀ እንጀራቸው አበቃ።

የዚያኑ ዕለት አርብ ጠዋት እኔ እየነዳሁ፣ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ደብረ ዘይት አቅጣጫ ወጣን። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆርጣል። ሦስተኛ አስገባሁና እግሬን አነሳሁ። ተንቀጫቀጨ፣ ያውም መቀመጫዬ ድረስ! ዞሬ አየኋቸው። ጋሽ ደስታ ጤፉን እያዩ ነው።

«ጠፋ አይደል?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ክው አልኩ። «ኧረ አልጠፋም፣ ጋሼ።»

«እሱማ ሰምቻለሁ! አንተን ልፈትንህ ብዬ ነው።»

ወዲያው ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ከመቀመጫ የሚያስነሳ ጥሩምባ ነፋ። እኔ ዘለልኩ፤ እሳቸው አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። ያን ጊዜ ገባኝ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሁለት ቀን ቆዳዬ የተላጠው ላልሰሙት ድምፅ ነዋ! ግን ዓይናቸውን ከከንፈሬ ሳይነቅሉ ቀጥሎ የምለውን ሲጠብቁ አየሁ። ፈርተው ነበር። አንድም ቀን ፈርተው አይቻቸው ስለማላውቅ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን እዚህ ያሳርፉት» ብዬ መዳፋቸውን ከማርሹ ኋላ ወለሉ ላይ አደረግኩት። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ። ፊታቸው ተለወጠ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሌላው እጃቸው በልማድ ወደ ላይ ወጣ፣ በዚያ ሁሉ ነፋስ መሀል። «ዲፈረንሻል አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ከፊት ነው፤ ከካምቢዮው ሥር።»

ጋራዥ ተመልሰን የኋላውን በክሪክ አነሳነው። እኔ ማርሽ አስገብቼ ሳንቀሳቅስ፣ እሳቸው ሥር ገብተው ካቻቪቴውን ደገኑ። ጆሯቸው ላይ ግን አይደለም፤ እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱት። አጥንት ድምፅ እንደሚያደርስ ያን ቀን ተማርኩ። «አጥፋ!» አሉ። ገብቼ ባትሪ አበራሁ። ጣታቸው ያረፈበትን አየሁ፤ የእኔው ሥራ ነበር።

ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ከዘንጉ ጋር የሚያገናኝ ክብ የጎማ መገጣጠሚያ አለ። ከአንድ ወር በፊት ተቀዶ ሲመጣ ምትኩ አዲስ አበባን ቢዞሩ አይገኝም፤ እንደ ወጉ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጬ ሠራሁት። ብሎን በሚገባባቸው ቀዳዶች ከድር በቶርኖ የሚያወጣው የብረት ቀለበት መግባት ነበረበት። ቀኑ አርብ ነበርና ከድር ጁምዓ ሄዷል። አንድ ሰዓት መጠበቅ አቃተኝ። የከባድ መኪና ጎማ ለዚህች ሚጢጢ ያንሳል እንዴ ብዬ ብሎኑን በባዶ ጎማ ላይ አሰርኩ። ጋሽ ደስታ «ቀለበቱን አስገብተሃል?» ሲሉኝም «አዎ» አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ብሎኖቹ ጎማውን በልተው ቀዳዳው ውስጥ ይጨፍሩ ነበር።

ጋሽ ደስታ አዩኝና ያሰርኩትን ብሎን መፍታት ጀመሩ። ያም ቀን አርብ ነው፤ አሁን ግን ከድር ከጁምዓ እስኪመለስ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፣ አርብ ግን ምን አጥንት አለ? ሽሮ አስመጡ። አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ እትዬ ሙሉ ነድተውት ተመለሱ። ሽምብራው የለም! «ማነው ያገኘው?» አሉ።

«ጋሼ ናቸዋ፣ በጆሯቸው!» አልኩ እኔ።

«ለመሆኑ ምን ነበር?»

«ጎማ ነው እትዬ ሙሉ፣ ያረጃል» አሉ ጋሽ ደስታ።

ተያየን። እኔ የእሳቸውን ገመና፣ እሳቸው የእኔን ሸፈንን። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተነው አናውቅም። መኪና ሲመጣ ካቻቪቴውን ይደግኑና እንደ መምህር ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ምን ሰማህ?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ «ጎበዝ!» ይላሉ። ሰባት ዓመት ጆሯቸው ሆንኩ። የሰው ክብር ጠበቅኩ ብዬ እኮራ ነበር።

ጋሽ ደስታ ሲያርፉ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸው እጄን ያዙ። «ታዬ ልጄ፣ ውሎህ ከእሱ ጋር ነበር። ምን እንዳስቀየምኩት ነግሮህ ያውቃል? መጨረሻ ላይ ስጠራው ዝም ይለኝ ነበር።»

አይሰሙም ነበር ማለት ነበረብኝ። ድንኳኑ ሰው ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ስለዚያ ጆሮ እያወራ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። «ኧረ ምንም አላስቀየሟቸውም» ብቻ አልኩ። ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ልጃቸው ዘንድ ሐዋሳ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ባለፈው ሳምንት መኪናው ውስጥ ይህ ሁሉ ትዝ አለኝና «ሰናይት፣ እስቲ ዳር ያዢ» አልኳት። የቃሊቲን መናኸሪያ አለፍ ብላ ቆመች። «ክሮቼራ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ምንም አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለች ጮክ ብላ። «የእኔ መኪና በፊት ጎማ ነው የምትሄደው፤ ክሮቼራ የላትም እኮ! ይልቅ ለእማዬ ነግረሃታል?»

አልነገርኳትም ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴ የሺ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «የሺ፣ ጆሮዬ ደክሟል። ስትጠሪኝ ዝም የምልሽ አኩርፌሽ አይደለም፤ ስለማልሰማ ነው።» ሰፌዱን አስቀመጠች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ» አልኳት። ጋሽ ደስታ ለባለቤታቸው ሳይሏቸው የሞቱት ይህችን ቃል ነው፤ ለካ ይህን ያህል ቀላል ናት።

የሺ ተጠጋችና ጆሮዬ ሥር ጮኸች፦ «ምን አስቀየምኩት እያልኩ ዓመት ሙሉ ስቃጠል ከረምኩ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»